72 ካሬ ሳርና የሐጂ ላሞች

ከክረምቱ ወዲህ ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ገና በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ሳሩን በካሬ ስንት አስተከልሽው?»

እንደ ጠያቂው ሁለት መልስ አለኝ። ለባለቤቴ ዘመዶች 157 ብር እላለሁ። ለልብ ጓደኞቼ 307 ብር እላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም ደብተሬ ላይ አሉ።

ሥራዬ ሂሳብ ነው። ጅማ መሃል አንድ ቡና ነጋዴ ቢሮ ተቀምጬ ለ14 ዓመት የሰው ገቢና ወጪ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ቤት ስገባም አመሉ አይለቀኝም። የቲማቲም ይሁን የባጃጅ፣ ሁሉም ይጻፋል። ባለቤቴ «እኔን የት ነው የመዘገብሽኝ?» እያለ ይቀልዳል። ቋሚ ንብረት ውስጥ ነው። የእርጅና ተቀናሽ ይታሰብበታል።

ቤታችን ቂጦ በኩል ነው። ግንባታው ሲያልቅ ፊት ለፊቱ 8 በ9 የሆነ ባዶ መሬት ተረፈ። ባዶ መሬት በጅማ ምን እንደሆነ የጅማ ሰው ያውቀዋል። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ይዘንባል። በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ማለት ነው። ዝናቡ ቀዩን አፈር እያፈናጠረ አዲሱን ነጭ ግድግዳ እስከ ጉልበቴ ድረስ ቀባልኝ። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ሳሎን ድረስ የጫማውን ካርታ ይሥላል።

ባለቤቴ «ሲሚንቶ እናፍስበትና እንገላገል» አለ። እኔ ሳር አልኩ። ሲሚንቶ ቢፈስ ያ ሁሉ ውሃ የት ሊሄድ ነው? ወደ በራችን ነዋ። ክርክሩን አሸነፍኩ። ካሸነፍኩ በኋላ ነው የተሸነፍኩት።

በ2017 ታኅሣሥ ላይ አንድ ልጅ ተገኘ። ላንድስኬፕ እሠራለሁ ይላል። ስልኩ በፎቶ ተሞልቷል፤ ዘምባባ፣ ነጭ ጠጠር፣ ማታ መብራት የሚበራበት ፏፏቴ። የማን ግቢ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። በካሬ 350 አለኝ። ተከራክሬ 300 አስገባሁት። ያን ቀን እንደኔ ጀግና አልነበረም። 72 ሲባዛ በ300፣ 21,600 ብር። ግማሹን 10,800 ቀብድ ከፈልኩ።

ሳሩ ከአዲስ አበባ ነው የመጣው። አፈሩን ይዞ እንደ ቆዳ የተላጠ፣ ተጠቅልሎ በማዳበሪያ የታጨቀ ነው። 350 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ጭነት ላይ አድሮ ደረሰ። ማዳበሪያው ሲፈታ እጄን ከተትኩበት። ሞቀኝ። እንደ ወጣ ዳቦ ማለት ነው። እኔ ትኩስ ስለሆነ መሰለኝ። እርጥብ ሳር ተደራርቦ ሲያድር በራሱ ሙቀት እንደሚቀቀል ያኔ የነገረኝ የለም።

በአንድ ቀን አነጠፈው። አረንጓዴ ምንጣፍ ሆነ። ፎቶ አንስቼ አዳማ ላለችው እህቴ ላክሁ። በ11ኛው ቀን ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆነ። ወር ሳይሞላው ያረጀ ጆንያ መሰለ። ልጁ ስልክ መጀመሪያ አያነሳም ነበር፤ ቀጥሎ ዝግ ሆነ። ሁለተኛውን ግማሽ ሊቀበል እንኳን አልመጣም። ያኔ ነው ጉዱ የገባኝ። ገንዘብ የማይፈልግ ሰው ሥራውን ያውቀዋል።

ጥፋቱን ሁሉ እሱ ላይ አልጭንም። ታኅሣሥ ጅማ ላይ የደረቅ ወር ነው። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር ሰማዩ የሚያርፍበት ጊዜ ነው። ሌላም አለ። ይህንን እንኳን እኔ ማወቅ ነበረብኝ፤ ቢሮዬ የሚኖረው በዚህ ነውና። ያ ጊዜ የቡና ለቀማ ነው። ጉልበት ያለው ሁሉ ገጠር ገብቶ ቀይ ቡና በኪሎ ይለቅማል። ከተማ የቀረው የቀን ሠራተኛ ዋጋውን ይሰቅላል፤ እሱም ቢሆን ነገ መምጣቱን እንጃ። ውሃ በሌለበት፣ ሰው በተወደደበት ወር ነው ሳር ያስተከልኩት።

የቢሯችን ጥበቃ ነው ጋሼን የጠቆመኝ። በአንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን አትክልተኛ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እሁድ ከሰዓት መጡ። ፎቶ የለ፣ ስልክ እንኳን ባለ ቁልፏ ናት። አንድ መኮትኮቻና አንድ የዘይት ጣሳ ይዘዋል። ቡና እያፈላሁ ነበር።

«ጋሼ ይቀመጡ፣ አቦል ደርሷል» አልኳቸው።

«እመጣለሁ ልጄ፤ መጀመሪያ በሽተኛውን ልየው» አሉና የሞተው ሳር መሃል ገቡ።

ቁጢጥ ብለው ቆፈሩ። ሳሩ ያለ ምንም ትግል ተነሳ፤ ሥሩ ወደ ታች አልወረደም። ከሥሩ ሁለት ጣት የሚያህል ቀይ አፈር አለ። ከዚያ በታች መኮትኮቻው ቀጭ አለ። ድንጋይ ነው ብዬ ነበር። ጋሼ በእጃቸው ዝቀው አሳዩኝ። የብሎኬት ስብርባሪ፣ የደረቀ የሲሚንቶ ቡኬት፣ ጠጠር፣ የታጠፈ ምስማር፣ አንድ የቀለም ብሩሽ እጀታ። ግንበኞቹ የተረፋቸውን ሁሉ ደልድለው አፈር አልብሰውት ሄደዋል። እኔ ደግሞ በላዩ 10,800 ብር አነጠፍኩበት።

ጣሳውን ሞልተው ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ አፈሰሱ። ከዚያ መጥተው ቡናቸውን ተቀበሉ። ምንም አላሉም። ስለ ልጆቻቸው አወሩን። ቶናን ጠጡ። በረካ ሲቀዳ ተነሱና ጎንበስ ብለው አዩ። ውሃው እዚያው ነው። ከቡኬቱ የወጣ ነጭ ነጭ ነገር ከላይ ሰፍፎበታል።

«በረካ ድረስ ያልጠጣ መሬት ሳር አያጠጣም» አሉኝ።

የማይረሳኝ ዓረፍተ ነገር ነው። ያ ልጅ አንድ ጣሳ ውሃ ቢያፈስ ኖሮ!

እስከ ሚያዝያ መጨረሻ አስጠበቁኝ። ዝናቡ ሳይረጋ መሬት አልነካም አሉ። እኔም ጠበቅኩ። ከዚያ ደብተሬ እንዲህ ይላል። ፍርስራሹን ቆፍሮ ማውጣት፣ ሁለት ሰው ሦስት ቀን፣ በቀን 400፣ 2,400 ብር። ሁለተኛው ሰው አንድ ጠንካራ ጎረምሳ ነው። ለጋሼ ጨምሬ ልክፈል ብል እምቢ አሉ። «እሱ ይቆፍራል፣ እኔ አስባለሁ፤ እኩል ነው» ብለው ሳቁ። ቀድሞ 250 ይሠሩ ነበር። የኮሪደር ልማት ከመጣ ወዲህ ግን ሳር ከነሥሩ መትከል የሚያውቅ እጅ ተፈላጊ ሆነ። ፍርስራሹን ያወጣው የአህያ ጋሪ ነው፤ ዘጠኝ ምልልስ፣ በ100 ብር፣ 900። ከዚያ አንድ አይሱዙ አፈር፣ 4,500። ከሁሉም የጎዳኝ ይሄ ነው። አፈር በሞላበት አገር አፈር መግዛት!

አፈር ሲመጣ ከመኪናው ሳይወርድ እዩት። ጋሼ መኪናው ላይ ወጥተው አንድ እፍኝ ጨብጠው፣ አሽተው፣ አሽትተው ነው «አውርደው» ያሉት። ከላይ ጥቁር ሆኖ ከሥር የጉድጓድ ቁፋሮ ትራፊ የሚጭኑ አሉ።

የኔ ሥራ የጠቀመኝ ማዳበሪያው ላይ ነው። ጀንፈል ሲፈለፈል ገለፈቱ ይከመራል። አሥር ኩንታል በነጻ አገኘሁ፤ ለማስጫኛና ለማጓጓዣ ብቻ 1,000 ብር ወጣ። ጅማ ውስጥ ግቢ ያለው ሰው ይህንን ነገር ለምን እንደማይጠቀምበት አይገባኝም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለው። ጋሼ አዲሱን ክምር አልነካም አሉ። ካምና የተከመረውን፣ የጠቆረውን፣ እጅ ሲገባበት የሚቀዘቅዘውን ነው የመረጡት። ያልበሰበሰ ገለፈት አፈር ውስጥ ገብቶ ሲበሰብስ ለሳሩ የሚሆነውን ናይትሮጂን ራሱ ይበላል። ሳሩ ቢጫ ይሆናል፤ እኛም ማዳበሪያ አነሰ ብለን ዩሪያ እንጨምራለን።

ሳሩስ? ሰርዶ። ተራው ሰርዶ። «ካርፔቱ ሳር ይቅርብሽ» አሉኝ። ስድስት ማዳበሪያ ሙሉ ሥሩን ነቅለው አመጡ፤ አንዱ በ150፣ 900 ብር። በስንዝር በስንዝር እየለኩ በሰልፍ ተከሉት። ሁለት ሰው ሁለት ቀን፣ 1,600። ሲያልቅ ግቢው ፀጉር ተከላ አድርጎ የመጣ ሰው ራስ መሰለ። ባለቤቴ በረንዳ ላይ ቆሞ አየው፣ አየውና «ይሄ ነው?» አለ።

ሰርዶን ግን አትናቁ። ከላይም ይሳባል፣ ከመሬት ሥርም ይሄዳል። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች የተባለችው አህያ ወዳ አይደለም። ከሷ በኋላም እንደሚበቅል አውቃ ተናድዳ ነው። በግንቦትና በሰኔ ዝናብ ሰልፉ ጠፋ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ አፈር አይታይም ነበር።

ድምሩ 11,300 ብር። ሲካፈል ለ72፣ 157 ብር በካሬ። ለባለቤቴ ዘመዶች የምነግረው ይሄንን ነው። የመጀመሪያው 10,800 ሲጨመርበት 22,100 ይሆናል። በካሬ 307 ብር። ልብ በሉልኝ። በ300 ተከራክሬ ያስቀነስኩት ሰውዬ በመጨረሻ በ307 አስተከለኝ፤ እሱ ሳይተክለው።

ሌላው ከተማ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ስልክ ስደውል ሰነበትኩ። ልማድ ነው፤ ቢሮም አንድ ዋጋ ሰምቼ አልፈርምም።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ተከላውን በካሬ 400 ነው የከፈለው። እሱን የሚያማርረው ግን ተከላው አይደለም። በሳምንት ሁለት ቀን ለሚመጣ አትክልተኛ በወር 3,500 ይከፍላል። አትክልተኛው ባይመጣ ደግሞ ውሃ የሚያጠጣ የለም፤ ሁሉም ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው።

እህቴ አዳማ ተከላውን በካሬ በ180 ጨርሳለች። ስሰማ ቀናሁ። ቅናቴ ሁለት ደቂቃ ነው የቆየው። በበጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ ካላጠጣችው ይቃጠልባታል። የውሃ ሂሳቧ በወር 600 ብር ይጨምራል። እሱን ስድስት ወር ብታባዙት 3,600 ነው። ግቢዋ ደግሞ የኔን ግማሽ ነው። የተከለችበትን ግማሽ ያህል በየዓመቱ እንደገና ትከፍላለች ማለት ነው። እኔ ጋ ዝናቡ በነጻ ያጠጣል። «አንቺ ጋ ሰማዩ ቅጥረኛ ነው» አለችኝ።

አጋሮ የሚኖር የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ጭራሽ ሳቀብኝ። ከኛ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «ሳር በገንዘብ ታስተክያለሽ? እኛ እኮ ከቡናው ሥር ሳር ለማጥፋት ነው ሰው የምንቀጥረው!» የቀን ሠራተኛ በስንት ነው ስለው 300 አለኝ። እዚያ ለመንቀልም ለመትከልም ዋጋው አንድ ነው።

ዝናቡ በነጻ ያጠጣል ብያለሁ። አረሙንም ያጠጣል። ይህንን ማንም አልነገረኝም። የገዛሁት አፈር የእንግጫ ሥር ይዞ መጥቷል። እንግጫ ሲነቀል ቅጠሉ ይመጣል፤ ከሥር ያለችው ጥቁር ፍሬ እዚያው ትቀራለች። በሳምንቱ በአንዱ ፈንታ ሦስት ሆኖ ይወጣል። የገበያ ሰው «ቱ ፎር ዲ ርጪበት» አለኝ። ይህ መድኃኒት የሚያጠፋው ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ነው። እንግጫ አይሞትለትም። በሹል እንጨት ፍሬዋን ከነሥሯ ማውጣት ብቻ ነው። አንዲት ሴት በሳምንት ግማሽ ቀን እየመጣች በ200 ብር አወጣችልኝ። 12 ሳምንት፣ 2,400 ብር። ይህንን በካሬ ዋጋው ውስጥ አላስገባሁም። እንግዳ ሲጠይቀኝም አልናገርም።

አጥሩ ዱራንታ የሚባለው ቁጥቋጦ ነው። 33 ችግኝ በ15 ብር፣ 495። ቀላል ነው፣ በሱ ላይ የምለው የለኝም።

አሁን ወደ ማጨዱ። ሐምሌና ነሐሴ ሳሩ እንደ ተናደደ ሰው ይበቅላል። በአሥር ቀን ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ማሽን ያለው አንድ ልጅ አገኘሁ። ቤንዚኑን ችሎ በአንድ ማጨድ 500 ብር። ማሽኑን የገዛው ሐምሌ 2016 ከመድረሱ በፊት ነው፤ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ። «ይሄ ቢሰበር እህቴ፣ ሥራውን ነው የምተወው» ይለኛል። ስለዚህ ጠጠር ባየ ቁጥር ቆሞ ይለቅማል። ደስ ይለኛል። ነጻ ጠጠር ለቃሚ።

ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ አንድ ነገር አየሁ። አጭዶ ሲጨርስ የታጨደውን ሳር ጠቅጥቆ ሁለት ማዳበሪያ ሞላ። «ቆሻሻውን ልውሰድልሽ» አለ። አመሰገንኩት! በማግስቱ ከሱቅ ስመለስ ሁለቱ ማዳበሪያዎች ጎረቤታችን ሐጂ በር ላይ ተቀምጠዋል። ሐጂ ሁለት ላሞች አሏቸው።

«ሐጂ፣ ይሄ ሳር ከየት መጣ?» አልኩ፣ እንዳላወቀ ሰው።

«ባለማሽኑ ነው ልጄ፣ አንዱን በ80 ነው የሚሸጥልኝ» አሉ። ከዚያ ማዳበሪያውን ከፈት አድርገው አንድ ጭብጥ አወጡና በሁለት ጣት መሃል አሸት አሸት አደረጉት። «መድኃኒት ያልነካው ሳር ነው ብሏል። እውነት ነው?»

«መድኃኒት አልነካውም ሐጂ። የኔ ነው።»

ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን።

እኔ ለማሳጨድ 500 እከፍላለሁ፤ ልጁ የኔን ሳር በ160 ይሸጣል። ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ እያልኩ! ላም በሌለበት የታጨደ ሳር ቆሻሻ ነው። እዚህ ላም አለች። ላም ባለችበት ሰፈር ሳር ከታጨደ በኋላም ዋጋ አለው። የማሽኑን ልጅ ጠርቼ «500 ከፍዬ ሳሩ የኔ ነው፤ ወይም 350 ከፍዬ ሳሩ ያንተ ነው» አልኩት። ራሱን አከከና 350ውን መረጠ።

ሐጂ ግን የተሻለ ሐሳብ አመጡ። የልጅ ልጃቸው በማጭድ በነጻ ያጭድልሻል፣ ሳሩን ይወስዳል፣ አንድ ሊትር ወተት ይመጣልሻል አሉ። ያኔ ወተት እኛ ሰፈር ሊትሩ 100 ብር ነበር። እሺ አልኩ፤ ሰው እንዴት እምቢ ይላል?

ችግሩ ሌላ ጋ ነው። ላም ረጅም ሳር ትወዳለች። ግቢዬ አጭር ይወዳል። ልጁ ሳሩ ጉልበት እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ከዚያ እስከ ሥሩ ይላጨዋል። ጋሼ መጥተው ሲያዩት ጭንቅላታቸውን ያዙ። «ከሦስት እጅ አንዱን ብቻ ነው የሚቆረጠው። ከዚያ በላይ ከወሰድሽ ሥሩ ይራባል።» እውነትም ቦታ ቦታው ገረጣ። መልኩም ፀጉር ቆራጭ የተለማመደበት ራስ ሆነ።

አሁን የደረስንበት ስምምነት ይሄ ነው። አንዴ ማሽን፣ አንዴ ማጭድ። የማሽኑ ተራ ሲሆን ሐጂ ሳሩን ከልጁ ይገዛሉ። የማጭዱ ተራ ሲሆን የልጅ ልጃቸው በአሥረኛው ቀን ይመጣል፣ ከቁርጭምጭሚት ሳያልፍ። ሐጂ «ይሄ እኮ ለጥጃ እንኳን አይሆንም» እያሉ ያጉረመርማሉ። ወተቱ ግን አልቀረም።

ባለፈው ቅዳሜ የመጨረሻው ሊትር ወተት መጣ። ልጁ ጆጉን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንዳይፈስበት እግሩን እየጎተተ፣ በሳሩ መሃል ሄደ። ከዚያ ደብተሬን አወጣሁ። ሳሩን ወጪ ላይ ነው የያዝኩት። ወተቱን ገቢ ላይ ልጻፈው ወይስ ከወጪው ልቀንሰው? ባለቤቴን ጠየቅኩት። ብርጭቆውን አስቀምጦ «አልቋል፣ ምንም አትጻፊ» አለኝ።